የአባቶች መታሰቢያ ከነታሪኩ ይጠበቅ

ልጆች ሆይ፤ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ግድግዳውን ተመልከቱ። ምናልባት አንድ አሮጌ በትር፥ ወይም የቀንድ ዋንጫ፥ ወይም ከዘመን ብዛት የጠቈረ የውሃ ቅል ተሰቅሎ ታዩ ይሆናል። ማንም አይሠራበትም፤ ነገር ግን ማንም አይጥለውም። እናታችሁ ቤቱን ስታጸዳ አቧራውን ጠርጋ ወደ ስፍራው ትመልሰዋለች። «ይህ የማን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፥ «የአያታችሁ ነው» ትላችኋለች። ከዚህ በኋላ ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅ ልጅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ስለዚያ ስለ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

በእኛም ቤት አንድ በትር አለ፤ የአያቴ በትር ነው። አያቴ እግረ ብርቱ ሰው ነበሩ። ከቆላ ወደ ደጋ፥ ከደጋ ወደ ቆላ በእግራቸው ይመላለሱ ነበር፤ ከፍ ካለ ተራራ ላይ ቆመው አገር ማየትም እጅግ ያስደስታቸው ነበር። በበትሩ ራስ አጠገብ በቢላዋ የተቀረጹ ሰባት ምልክቶች አሉ። ስድስቱ አጫጭር ናቸው፤ ሰባተኛው ግን ረጅም ነው። ልጅ ሳለሁ ጣቴን በምልክቶቹ ላይ እያሳለፍሁ እጫወት ነበር። አያቴም በመደቡ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። ምልክቶቹ ምን እንደ ሆኑ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

አያቴ ካረፉ በኋላ አባቴን ጠየቅሁ፤ አባቴ አያውቅም። አክስቴን ጠየቅሁ፤ እርስዋም አታውቅም። ሰባት ጉዞዎች ናቸውን? ሰባት ተራሮች ናቸውን? ረጅሙስ ስለ ምን ረዘመ? በትሩ በእጄ አለ፤ መልሱ ግን ከአያቴ ጋር ተቀበረ።

ስለዚህ አሳቤን በግልጥ ልናገር። ለመታሰቢያ የተቀመጠ ዕቃ ክብሩ በዕቃው ብቻ አይደለም፤ ከዕቃው ጋር በሚነገረው ታሪክ ነው። ታሪኩ የጠፋበት መታሰቢያ፥ ማኅተሙ ደኅና ሆኖ ሳለ ውስጡ ባዶ የሆነ ፖስታ ይመስላል። ዕቃ መውረስ ቀላል ነው፤ ባለቤቱ ሲሞት ዕቃው ይቀርልናል። ታሪክ የሚወረሰው ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ተጠይቆ፥ ተሰምቶና ተጽፎ ነው።

ይህ ነገር በሰው ሁሉ ቤት ያለ ቢሆንም፥ ተራራ መውጣትና በዱር በገደል መጓዝ በሚወዱ ሰዎች ዘንድ ይልቁን ጐልቶ ይታያል። እነዚህ ሰዎች ሸክማቸውን ለማቅለል ብዙ ይጠነቀቃሉ። በከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነውና እያንዳንዱ እርምጃ ያደክማል፤ ስለዚህ ወደ ረጅም ተራራ የሚወጣ ሰው ትርፍ ዕቃ ለመያዝ አይወድም። ነገር ግን ሸክሙን እንዲህ የሚቈጥር ሰው፥ በኪሱ የማይበላና የማይጠጣ ትንሽ ነገር ይዞ ይገኛል። አንዱ የልጁን መጫወቻ፥ አንዱ የሚስቱን ፎቶግራፍ፥ አንዱም ወዳጁ የሰጠውን የአንገት ልብስ ይይዛል። ይህ ስለ ምን እንደ ሆነ እንድታውቁ ከነርሱ ታሪክ ጥቂት ልንገራችሁ። የምጠራቸው ዓመታትና ወሮች ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በዓለም ካሉት ተራሮች ሁሉ ከፍ ያለው በእስያ፥ በኔፓልና በቲቤት ወሰን ላይ ያለው ኤቬረስት ነው። ከፍታው 8848 ሜትር ያህል ነው፤ የአገራችን የራስ ዳሸን እጥፍ ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በሜይ 29 ቀን 1953 ሁለት ሰዎች ከጫፉ ላይ ደረሱ፤ ከዚያ ደርሰው በደኅና በመመለስ የመጀመሪያዎቹ እነርሱ ናቸው። አንደኛው ከኒው ዚላንድ የመጣ ኤድመንድ ሂላሪ የተባለ ንብ አርቢ ነው። ሁለተኛውም ሼርፓ ከሚባለው ከተራራማው አገር ሕዝብ ወገን የሆነው ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው።

ቴንዚንግ ወደዚህ ጉዞ ሲሄድ ታናሽ ሴት ልጁ አንዲት አጭር እርሳስ ሰጠችው፤ እርሳሲቱም ቀይና ሰማያዊ ነበረች። ሁለቱ ሰዎች በተራራው ጫፍ የቆዩት ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ቴንዚንግ በረዶውን ቈፍሮ፥ እንደ ሃይማኖቱ ልማድ ከረሜላና ሌላም የሚበላ ነገር ለመባ አኖረ፤ የልጁንም እርሳስ በዚያው አኖራት። ሂላሪም የጉዞው አለቃ አደራ ያለውን ትንሽ መስቀል በአጠገቡ አኖረ። ደግሞም በዚያ ቀን ቴንዚንግ ቀይ የአንገት ልብስ አድርጎ ነበር። የሰጠውም ሬሞን ላምቤር የተባለ የስዊስ አገር ሰው ነው። ቴንዚንግና ላምቤር በ1952 አብረው ወጥተው፥ ጫፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀር ደክመው ተመልሰው ነበር። ላምቤር በዓመቱ ከጫፉ ባይደርስም መታሰቢያው ደረሰ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አስተውሉ። ያችን እርሳስ ወደ ዓለም ጫፍ ያወጣት ቴንዚንግ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር። ብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ ነገር ግን ፊደል ለመማር ዕድል አላገኘም። እንግዲህ የእርሳሲቱን ነገር እንዴት አወቅን? እርሱ በቃሉ ሲናገር ሌላ ሰው ስለ ጻፈለት ነው፤ የሕይወቱም ታሪክ በ1955 በመጽሐፍ ታተመ። እርሳሲቱ በበረዶ ውስጥ ቀርታለች፤ ታሪኳ ግን ወርዶ ከእኛ ዘንድ ደረሰ። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ቴንዚንግ ልጆቹ እንደ እርሱ በተራራ ላይ እንዲደክሙ አልወደደም፤ እንዲማሩለት ፈለገ እንጂ። እርሱም በ1986 አረፈ። ልጁ ጃምሊንግ ግን የአባቱን መንገድ በእግሩ ሄዶ ለማየት ተመኘ፤ በሜይ 1996 ወደ ኤቬረስት ወጣ። በዚያ ወር በተራራው ላይ ብርቱ ማዕበል ተነሥቶ ስምንት ተራራ ወጪዎች ሞቱ። ጃምሊንግና ጓደኞቹ አስቀድመው ወደ ታች ወርደው ነበርና ተረፉ፤ ጊዜውም ከተመለሰ በኋላ እንደ ገና ወጡ። ጃምሊንግ ከጫፉ ሲደርስ የአባቱንና የእናቱን ፎቶግራፍ በዚያ አኖረ። አባቱ የልጁን እርሳስ እንዳኖረ፥ እርሱም የሕፃን ሴት ልጁን መጫወቻ አኖረ። እነሆ አንዱ ታሪክ ሦስት ትውልድ አገናኘ። አባቱ የእርሳሲቱን ነገር ሳይናገር ቢሞት ኖሮ፥ ልጁ ምን ብሎ ይደግመው ነበር?

ሌላም ታሪክ አለ፤ እርሱ ግን ኀዘን አለበት። በ1924 ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኧርቪን የተባሉ ሁለት እንግሊዞች ወደ ኤቬረስት ጫፍ ሲወጡ ጠፉ። ኧርቪን ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረ። ማሎሪ ከጫፉ ሲደርስ የሚስቱን ፎቶግራፍ በዚያ ሊያኖር አስቦ እንደ ነበረ ቤተ ሰቦቹ ይናገሩ ነበር። የልጅ ልጁ በ1995 ወደዚያው ተራራ ወጥቶ የአያቱንና የሴት አያቱን ፎቶግራፍ በጫፉ ላይ አኖረ፤ አያቱ ያሰበውን በ71 ዓመቱ ፈጸመለት። ከዚያ በኋላ በ1999 የማሎሪ ሬሳ በበረዶው አገር ተገኘ። በኪሱ ከቤተ ሰብ የተላኩለት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ የሚስቱ ፎቶግራፍ ግን አልተገኘም። ከጫፉ ደርሶ አኑሮት ይሆን? ይህ እስከ ዛሬ ተረጋግጦ አልታወቀም።

የኧርቪን ነገር ደግሞ ልብ የሚነካ ነው። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ ወሬው ጠፍቶ ቈየ። በ2024 ግን በበረዶው ወንዝ ላይ አንድ አሮጌ ጫማ ተገኘ፤ በጫማው ውስጥም እግርና ካልሲ ነበረ። በካልሲው ላይ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቶ ነበር፤ ያገኙትም ሰዎች በዚያ የማን እንደ ሆነ አወቁ። ልጆች ሆይ፤ በካልሲ ላይ ስም መስፋት ምን ያህል ትንሽ ሥራ ነው! ይህን የሰፋ እጅ መቶ ዓመት የሚቈይ ሥራ እሠራለሁ ብሎ አላሰበም። ሆኖም አንዲት የተሰፋች ስም ቤተ ሰቡ ሲጠብቀው የኖረውን ወሬ ሰጠች። ስም የተጻፈበት ዕቃ ባለቤቱ ዝም ቢልም ይናገራል።

አንዳንድ ሰዎች፥ «መታሰቢያ የሚባል ወርቅና ብር፥ ወይም ጠመንጃና ካባ ነው፤ ቁራጭ እርሳስና አሮጌ በትር ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ እመልሳለሁ። ወርቅ ባለቤቱን የማያውቅ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል፤ ሲቸግርም ይሸጣል። ቁራጭ እርሳስን የሚፈልጋት ግን ታሪኳን የሚያውቅ ብቻ ነው። ዋጋዋ ከፍቅር በቀር ሌላ ስለሌለው፥ ወንድማማቾች ስለ እርስዋ አይካሰሱም።

ሌሎች ደግሞ፥ «የአባቴ ነውና የግድ በእርሱ እሠራበታለሁ፤ ባልሠራበት አባቴን ናቅሁ ማለት ነው» ይላሉ። ይህም ማስተዋል ይጐድለዋል። በስዊስና በኢጣልያ ወሰን ላይ ማተርሆርን የሚባል እጅግ ሹል ተራራ አለ፤ ከፍታው 4478 ሜትር ነው። በጁላይ 14 ቀን 1865 ሰባት ሰዎች ከማንም ቀድመው ከጫፉ ደረሱ። ሲወርዱ ግን አንዱ እግሩ ሸርተት አለና ሌሎቹን ጐተተ። ሰባቱን ያገናኛቸው ገመድ በመካከል ተበጠሰ፤ አራቱ ገደል ገብተው ሞቱ፥ ሦስቱ ተረፉ። የተበጠሰው ገመድ ከያዙአቸው ገመዶች ሁሉ አሮጌውና ደካማው ነበር። ጠንካራ ገመድ ሳላቸው በደካማው ታሰሩ።

ከቃጫ የተገመደ ገመድ በእርጥበትና በፀሐይ ብዛት ይደክማል። ዛሬ የሚሠራው የናይሎን ገመድ እንኳ ዘመን ሲቈጠርበት ኃይሉ ይቀንሳል። ስለዚህ አባቱ ተራራ ወጪ የነበረ ሰው የአባቱን ገመድ በግድግዳ ላይ ይስቀል፤ ወደ ገደል ሲሄድ ግን አዲስ ገመድ ይያዝ። አባቱን የሚያከብረው በአሮጌ ገመድ ተንጠልጥሎ በመሞት አይደለም፤ የአባቱን ጥንቃቄ በመያዝ ነው እንጂ።

የዚያ የተበጠሰ ገመድ ቁራጭ በተራራው ሥር ባለችው በዘርማት ከተማ በቤተ መዘክር ተቀምጧል። እኔ ይህን እጅግ አመሰግናለሁ። ከአደጋው በኋላ፥ ከተረፉት አንዱ ሽማግሌው መንገድ መሪ ታውግቫልደር ገመዱን ሆን ብሎ ቈረጠው የሚል ሐሜት ተነሥቶበት ነበር። ዳኞች ጉዳዩን መርምረው በደለኛ ሆኖ አላገኙትም፤ ሐሜቱ ግን ብዙ ዘመን አሳዘነው። ሰዎች ስለ ኀፍረትና ስለ ኀዘን ብለው ያን ቁራጭ አቃጥለውት ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ መጥቶ የሚመለከተው ሰው ምን ያይ ነበር? ስለዚህ መታሰቢያ የድል ብቻ አይሁን። የቤተ ሰብ ታሪክ ስሕተቱንና ኀዘኑን ጭምር የያዘ እንደ ሆነ ልጆችን ያስተምራል። ድሉን ብቻ የሚናገር አባት ግን ልጁን በደካማ ገመድ እንደሚያስር ሰው ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን የኢያሱን ሥራ አስቡ። የእስራኤል ሕዝብ ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ፥ ከወንዙ መካከል አሥራ ሁለት ድንጋዮች አንሥተው በጌልጌላ አቆሙ። ድንጋዮቹ አልተጠረቡም፤ ወርቅም አልተለበጡም፤ የወንዝ ድንጋዮች ነበሩ። የቆሙትም ልጆች በኋላ ዘመን አይተው እንዲጠይቁ፥ አባቶችም የሆነውን እንዲነግሩ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በዚያ ሥርዓት ሁለት ሥራ አለ፤ የልጅ ሥራ መጠየቅ፥ የአባትም ሥራ መመለስ ነው። ልጁ ካልጠየቀ ድንጋዩ ድንጋይ ሆኖ ይቀራል።

«ትልልቆችን መጠየቅ ድፍረት ይሆንብኛል» የሚል ልጅ ይኖር ይሆናል። ልጄ ሆይ፤ በትሕትና የቀረበ ጥያቄ ድፍረት አይደለም። አያቶች ሳይጠየቁ ብዙ ጊዜ አይናገሩም፤ «የዛሬ ልጆች ይህን ምን ያደርጉታል?» ብለው ዝም ይላሉና። እግራቸውን አጥበህ፥ በአጠገባቸው ተቀምጠህ፥ «አባባ፤ ይህን በትር ይዘው ወዴት ወዴት ሄደው ነበር?» ብትል ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ታያለህ። እኔ ያን ብርሃን ማየት እችል ነበር፤ ሳላየው ቀረሁ።

ስለዚህ ማንበብና መጻፍ የምትማሩ ልጆች ይህን ሥራ እንድትሠሩ እመክራችኋለሁ። ከቤታችሁ ዕቃ አንዱን ምረጡ፤ ውድ ባይሆን ግድ የለም። የማን እንደ ነበረ፥ ከማን እንዳገኘው፥ ይዞትም ወዴት እንደ ሄደ ጠይቁ። የሰማችሁትን ሳትጨምሩና ሳትቀንሱ በወረቀት ጻፉ። የተናገረውን ሰው ስምና የጻፋችሁበትን ቀን ከግርጌ አድርጉ። ወረቀቱንም ከዕቃው ጋር አኑሩት። ጽሕፈታችሁ ባያምር አትፈሩ፤ ያች በኤቬረስት ጫፍ የቀረችው እርሳስም የትንሽ ልጅ እርሳስ ነበረች።

እኔም ምንም እንኳ ብዘገይ የሚቻለኝን አድርጌአለሁ። በአያቴ በትር ላይ አንዲት ወረቀት አሰርሁ። በወረቀቲቱም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ «ይህ በትር የአባቴ አባት ነው። በእግራቸው ብዙ አገር ዙረውበታል። ሰባቱን ምልክቶች የቀረጹት እርሳቸው ናቸው፤ ምን እንደ ሆኑ ግን ልጅ ሳለሁ አጠገባቸው ተቀምጬ አልጠየቅሁም።» ልጆቼ ይህን ባነበቡ ጊዜ የአያቴን ታሪክ አያገኙም። ነገር ግን የእኔን ጥፋት አይተው፥ እኔ በሕይወት ሳለሁ የኔን ይጠይቁኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።